ካቻቢቴው አያስይዝም፤ ግን ያስተላልፋል

ጥያቄ፦ የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ለተለማማጆቼ በአማርኛ አጭር መመሪያ እየጻፍኩ ነው። የሬዲዮን ጥቅሎች (የተጠመጠሙ ሽቦዎች) እና ትሪመሮች (እየተዞሩ ቅኝቱን የሚያስተካክሉ ትናንሽ ክፍሎች) ስናስተካክል የብረት ካቻቢቴ አንጠቀምም። የምንጠቀምበትን ዕቃ ምን ብዬ ልጻፈው? «ኢ-አስተላላፊ መሣሪያ» ብዬ ነበር፤ ተለማማጆቼ ግራ ተጋቡ። «ኮረንቲ የማይዝ በለው» ያለኝም አለ። አንዱን ልጅ «ኮረንቲ የማያስይዝ ካቻቢቴ ገዝተህ ና» ብዬ ብልከው፣ እጀታው ወፍራም ፕላስቲክ፣ ጫፉ ግን ብረት የሆነ ይዞልኝ መጣ። ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞስ «ካቻቢቴ» ነው «ካቻቪቴ»?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ልጁን አይቆጡት። ያዘዙትን አምጥቷል።

በአማርኛ ኮረንቲ ሰውን «ይይዛል»። ጉንፋን ያዘኝ፣ ሳል ያዘኝ፣ ኮረንቲ ያዘኝ እንላለን። ቋንቋችን ኮረንቲን ከሕመም ጎራ መድቦታል ማለት ነው። ብርድ ጉንፋን «ያስይዛል»፤ የተላጠ ሽቦ ደግሞ ኮረንቲ «ያስይዛል»። ስለዚህ «የማያስይዝ ካቻቢቴ» ማለት የያዘውን ሰው ለኮረንቲ አሳልፎ የማይሰጥ ማለት ነው። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ከሆነ ጫፉ ብረት ቢሆንም ስሙ ይገባዋል። ልጁም ሻጩም በትክክል ነው የተረዱት።

«የማይዝ» ግን ሌላ ነገር ነው። «ያስ» ወድቃ ትርጉሙ ተገለበጠ። «ባትሪው ቻርጅ አይዝም» ስንል አጠራቅሞ አያስቀምጥም ማለታችን ነው። ኮረንቲ የማይዝ ነገር ካሉኝ እኔ የሚታየኝ የሞተ ባትሪ ወይም ያረጀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ነው። ይህንን ከመመሪያዎ ያውጡት።

አሁን ወደ እርስዎ ዕቃ እንምጣ። እርስዎ የሚፈልጉት እጅን የሚጠብቅ ሳይሆን ቅኝቱን የማይረብሽ ዕቃ ነው። የብረት ጫፍ ወደ ጥቅሉ ሲጠጋ የጥቅሉ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም ቅኝቱን ከሚወስኑት ጠባዮች አንዱ፣ ይለወጣል። ትሪመር ካፓሲተር ላይ ከሆነ ደግሞ የእጅዎ አካል በብረቱ በኩል ጥቂት ፒኮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ይጨምርበታል። በኤፍ ኤም፣ ማለትም በ100 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ፣ አንድ ፒኮፋራድ እንኳ ጣቢያውን ለማሳት ይበቃል። ካቻቢቴው እዚያው እያለ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ሲያወጡት ጣቢያው ይሸሻል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የማነሳው እጀታው የቱንም ያህል ቢሸፈን ይህ እንደማይድን ለማሳየት ነው። ችግሩ ያለው እጀታው ላይ ሳይሆን ጫፉና ዘንጉ ላይ ነው።

አይኢሲ 60900 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። እስከ 1000 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ኮረንቲ) እና እስከ 1500 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኮረንቲ) ባለበት ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጁ የእጅ መሣሪያዎችን ይመለከታል። በውስጡ ብረት ሆነው የተሸፈኑ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ከማያስተላልፍ ነገር የተሠሩም አሉ። አማርኛችንም ሁለት ስም ያስፈልገዋል። ለመጀመሪያው «ሽፍን ካቻቢቴ» እላለሁ። «ሽፍን መኪና» የሚለውን ማንም ያውቀዋል፤ አዲስ ቃል አልፈጠርኩም።

ለሁለተኛው «የማያስተላልፍ» የሚለው ግስ ትክክል ነው። ግን ብቻውን አይቁም። አስተላለፈ ከአለፈ የተወለደ ነው፤ አለፈ፣ አሳለፈ፣ ተላለፈ፣ አስተላለፈ። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ አባላቱም በየሙያው ተበታትነዋል። «አሳላፊ» ድግስ ላይ ተሯሩጦ የሚያስተናግደው ሰው ነው። ትንኝ በሽታ «አስተላላፊ» ናት። ጣቢያ ፕሮግራም «ያስተላልፋል»። እርስዎ ደግሞ ሰዎቹን ሬዲዮ ነው የሚያስተምሩት! በሬዲዮ መመሪያ ውስጥ «የማያስተላልፍ መሣሪያ» ብለው ሲጽፉ፣ አንባቢው የተበላሸ ማሰራጫ ቢታየው አይፈረድበትም። «ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ» ብለው ይሙሉት። «መሣሪያ» የሚለውም ቢቀር አልጠላም። «መሣሪያ እየፈለግኩ ነው» ብሎ ስልክ ላይ ጮክ ብሎ ያወራ ሰው ዞር ዞር ብለው ሲያዩት ይገባዋል።

«ኢ-አስተላላፊ»ን በተመለከተ፣ ቃሉ ስሕተት አይደለም። «ኢ» የግእዝ አፍራሽ ናት። ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-መደበኛ ስንል ለምደናታል። የቁሶችን ጠባይ በሠንጠረዥ ለሚያስቀምጥ የሳይንስ መጽሐፍ ትስማማለች። እርስዎ ጋ ስትመጣ ግን ሁለት ችግር አለባት። አንደኛው የጆሮ ነው። ከ«ኢ» ቀጥሎ «አ» ሲመጣ ሁለቱ ይዋዋጣሉ፤ ፈጠን ብሎ ለሚናገር ሰው «ኢ-አስተላላፊ»ና «አስተላላፊ» በአንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚለያዩት። ጫጫታ ባለበት የጥገና ክፍል ያቺ ትንፋሽ ብትጠፋ ተቃራኒው ዕቃ እጅዎ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ችግር አዲስ ነው። ኢ-ሜይልና ኢ-ኮሜርስ ከመጡ ወዲህ ብዙ ወጣት «ኢ-» ሲያይ ኤሌክትሮኒክ ማለት ይመስለዋል። ተለማማጆችዎ «ኢ-አስተላላፊ»ን «የኤሌክትሮኒክስ ማስተላለፊያ» ብለው አንብበውት ይሆናል። ግራ ቢጋቡ አይገርመኝም።

እኔ ብሆን አንድ ጊዜ «ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፍ ነገር የተሠራ ማስተካከያ» ብዬ እተረጉመውና ከዚያ በኋላ «ብረት አልባ ማስተካከያ» እያልኩ እቀጥላለሁ። «አልባ» የግእዝ «አልቦ» ዘመድ ናት፤ «የለም» እንደማለት። ሽቦ አልባ፣ ሰው አልባ እያልን ስለኖርን ጆሮ አይጎረብጣትም። «ማስተካከያ» ከ«ካቻቢቴ» የሚሻለውም በምክንያት ነው። ይህ ዕቃ ብሎን ለማጥበቅም ሆነ ለመፍታት አይሆንም፤ ጫፉ ይጠመዘዛል ወይም ይሸረፋል። «መቃኛ» ቢሉትም ደስ ይለኛል። ክራር የሚቃኝ ሰው ጅማቷን በጥቂቱ ጠበቅ ላላ እያደረገ እንደሚያዳምጥ ሁሉ እርስዎም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ግን «ቃኘ» ስለላም ዳሰሳም ስለሆነ ገበያ ላይ ማንም ላይረዳዎት ይችላል። ለመመሪያዎ ርዕስ ያቆዩት።

«ብረት አልባ» ላይ አንድ ክፍተት እንዳለ አልደብቅዎትም። «ብረት» በተለምዶ ማንኛውም ጠንካራ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው፤ ጠበብ አድርገን ስንይዘው ግን ከመዳብም ከናስም የተለየ ነው። ስለዚህ «ይሄ ብረት አይደለም፣ ናስ ነው፤ ማግኔት እንኳ አይስበውም» የሚል ሻጭ ሊያጋጥም ይችላል። ልክ ነው፣ ማግኔት አይስበውም። ኤሌክትሪክ ግን በደንብ ያስተላልፋል። ፌራይት (በጥቅል መሐል እየዞረ የሚገባው ጥቁር እምብርት የሚሠራበት ቁስ) ወደ ጥቅል ሲገባ ኢንዳክታንሱን ከፍ እንደሚያደርገው፣ ናስ ዝቅ ያደርገዋል። «ማግኔት የማይስበው» እና «የማያስተላልፍ» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

በተቃራኒው ደግሞ «ፕላስቲክ ነው» ማለት ብቻም አያስተማምንም። ስታቲክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) እንዳያጠራቅሙ ተብለው ካርበን የተቀላቀለባቸው ጥቁር ፕላስቲኮች አሉ፤ እነሱ ጥቂትም ቢሆን ያስተላልፋሉ። ካርበን ፋይበር ራሱ አስተላላፊ ነው። የእርሳስ ልብም ግራፋይት ስለሆነ ያስተላልፋል። ስለዚህ በመመሪያዎ ውስጥ ቁሱን በስሙ ይጥሩት፤ ናይለን፣ ፋይበር ግላስ፣ ሴራሚክ። ጫፋቸው ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ የተሠራ ማስተካከያዎች ጠንካሮች ናቸው። ለቀጭን ቀዳዳ የሚስማማ ሲጠፋ የፕላስቲክ የሹራብ መርፌ ጫፍ በሞረድ ቀርጸው የሚጠቀሙ አሉ። ያም ብረት አልባ ማስተካከያ ነው፤ ስሙ የተገዛበትን ቦታ አይጠይቅም። ጫፉ ከቀዳዳው ጋር በልኩ መግጠም አለበት፤ ፌራይት ተሰባሪ ነውና ካልገጠመ ተጭነው ቢያዞሩት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በደማቁ ይጻፉ። ብረት አልባ ማስተካከያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላለበት ቦታ ተፈትኖ የወጣ ነው ማለት አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገው ደረጃው የተጻፈበት ዕቃ ነው። ሁለቱን ስም የለየነውም ለዚሁ ነው።

ካቻቢቴ ወይስ ካቻቪቴ? ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ «ቪቴ» ብሎን ማለት ነው። ምንጩን የሚያከብር በ«ቪ» ይጻፈው። ድሮ «ቨ» የሚል ፊደል አልነበረንም፤ ምላሳችንም በ«በ» ተክቶት ኖሯል። እኔ የምጽፈው እንደምናገረው ነው፤ ካቻቢቴ። በአንድ መመሪያ ውስጥ ሁለቱንም አይቀላቅሉ እንጂ በየትኛውም ቢጽፉት ሻጩ አይሳሳትም።