ስማርት ላልሆነ ቴሌቪዥን የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

አንድ የአዳማ አንባቢያችን ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን አላቸው። ስማርት አይደለም፤ ካሉት ሁለት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎችም አንዱን የዲሽ ሪሲቨሩ ይዞታል። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ለማየት ካርቶኑ ላይ «8ኬ፣ 128 ጂቢ» የሚል ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ከገበያ ይግዙ፣ ወይስ አሜሪካ የምትኖረው እህታቸው ሌላ ትላክላቸው ብለው ጠይቀዋል።

ርካሹን ቦክስ እንዳይገዙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የካርቶን ቁጥር ዋስትና አይሆንም፤ የሚያሳስበኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ውስጡ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባድቦክስ 2.0 የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በአንዳንድ ቦክሶች ላይ ገና ሳይሸጡ ተጭኖ እንደሚመጣና የቤትን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መተላለፊያ እንደሚያደርግ ገልጿል። ቦክሱ ፕሌይ ፕሮቴክትን (ጎጂ መተግበሪያዎችን የሚፈትሸውን የጉግል መከላከያ) እንዲያጠፉ ከጠየቀዎት ወይም መተግበሪያ ከማይታወቅ ቦታ እንዲያወርዱ ከመራዎት ይመልሱት። ከዚህም ሌላ፣ ኔትፍሊክስ ላልተፈቀደ መሣሪያ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል ስለማይለቅ፣ ሳጥኑ 8ኬ ቢልም የሚያዩት ምስል የደበዘዘ ይሆናል።

ስለዚህ በጉግል ፈቃድ የሚሠራ፣ ጉግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ (ጉግል ለቴሌቪዥን የሠራቸው ሶፍትዌሮች) የተጫነበት መሣሪያ ይምረጡ። ቴሌቪዥንዎ ፉል ኤችዲ በመሆኑ 4ኬ ምስሉን አያጠራልዎትም፤ ራሙ (መሣሪያው ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ግን ከ2 ጂቢ እንዳያንስ። ለምሳሌ የመጀመሪያው የሻውሚ ቲቪ ስቲክ (ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ራሙ 1 ጂቢ ብቻ ስለሆነ ሜኑው ይንቀራፈፋል፤ የ4ኬው ስቲክ 2 ጂቢ ስላለው፣ ለ4ኬነቱ ባይሆን እንኳ ለፍጥነቱ ሲባል እርሱን እመርጣለሁ። እህትዎ የጉግል ቲቪ ስትሪመርን ከላከችልዎ 4 ጂቢ ራምና የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው፤ የኤችዲኤምአይ ገመድ ግን በካርቶኑ ውስጥ ስለሌለ ለብቻው ይገዛል።

ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ያስፈልጋል ይላል፤ ይህ ፍጥነት ሳይቋረጥ ቢሄድ በሰዓት ከ2 ጂቢ በላይ ይበላል። ጥቅልዎ ገደብ ያለው ከሆነ ዩቲዩቡን ወደ 480ፒ ዝቅ ያድርጉት።

ብዙ ሰው መሣሪያው ተበላሽቶብኛል ብሎ የሚያመጣው በኃይል እጥረት ምክንያት ነው። ስቲኩን በቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ ሲሰኩት፣ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በመደበኛነት የሚሰጠው 0.5 አምፔር ሲሆን ስቲኩ ብዙ ጊዜ 1 አምፔር ስለሚፈልግ፣ አርማውን ያሳይና ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይጠፋል። የራሱን ቻርጀር ከግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰኩለት። ስቲኩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተጣብቆ ዋይፋዩ ከደከመ፣ በአጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ወደ ጎን ያውጡት፤ ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ 5 ጊጋኸርዝ የሚለውን የዋይፋይ ሞገድ፣ በብሎኬት ግድግዳ ማዶ ካለ 2.4ቱን ይሞክሩ።

ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ከመሰካትዎ በፊት በላዩ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 100-240 ቮልት ካለ፣ ለጠፍጣፋው ፊሻ ማስማሚያ ገዝተው በእኛው 220 ሊጠቀሙበት ይችላሉ። 120 ቮልት ብቻ ካለ ግን ማስማሚያው ቮልቱን ስለማይቀንሰው ቻርጀሩ ይቃጠላል፤ በምትኩ መሣሪያው የሚጠይቀውን ቮልትና አምፔር የሚሰጥ የዩኤስቢ ቻርጀር እዚሁ ይግዙለት።