አስፈሪ ትዝታን በመድኃኒት ማለዘብ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሌሊት ሲያጥለቀልቅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የታናሽ ወንድሜን እጅ ለቀቅኩት፤ ጎርፉ ወሰደው። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ባዶ እግሬን በር ላይ እገኛለሁ። ሐኪሜ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አዘዘልኝ፤ ትዝታውን ያለዝባል አለኝ። እናቴ ግን «ወንድምሽን በክኒን ልትረሺው ነው?» ብላ አለቀሰች። ልውሰደው? ወለተ ማርያም

መልስ፦ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ውሰጂው፤ ኃጢአት የለበትም።

እናትሽን የሚያስፈራት መርሳቱ ነው። እውነቷን ነው፤ ሙታንን ማሰብ ሥርዓታችን ነው። ክኒኑ ግን ለልብና ለደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረ ነው። ድንጋጤ ልብን እንዳያስደልቅ ይከላከላል እንጂ ወንድምሽን ከልብሽ አያወጣውም። ተመራማሪዎች የሞከሩትም ትዝታው ሲቀሰቀስ አብሮት የሚመጣውን ፍርሃት ለማብረድ ነው። ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም፤ ስለዚህ ተአምር አትጠብቂ።

ዮሴፍን አስቢ። ምናሴ ሲወለድ «እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ» አለ (ዘፍ. 41፥51)። ወንድሞቹ ሲመጡ ግን ሁሉንም ያስታውስ ነበር፤ ጮኾ አለቀሰ፣ አቀፋቸውም። የጣሉበትን ጉድጓድ አልረሳውም፤ ከፍቅር ግን አላገደውም።

«እጁን ለቀቅኩት» ያልሽው አሳዘነኝ። እህቴ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ከደቻቱ ጋር ታግላ አታሸንፍም። ንስሐ የምትገቢበት በደል የለም። ፍርሃቱን ለወንድምሽ እንደምትከፍዪው ዕዳ አትቁጠሪው። ሰው በድሎ የሕሊናውን ወቀሳ በክኒን ዝም ሊያሰኝ ቢፈልግ መልሴ ሌላ ነበር፤ እሱ አስቀድሞ የበደለውን ይካስ። ሐዘኑን ለመርሳት ከሰዓቱን ሙሉ ጫት ላይ ለሚቀመጠውም ይህን ፈቃድ አልሰጥም። የአንቺ ሕክምና ነው።

«ፀበል እያለ ክኒን ምን ይሠራል?» የሚሉሽ ካሉ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህም አይንቀውም ይላል ሲራክ (38፥4)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከፀበሉ ጋር መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ አስተምረዋል።

ሐምሌ ሲመጣ የወንድምሽን የክርስትና ስም ሰጥታችሁ ከእናትሽ ጋር አስቡት። አስም ካለብሽ ሳትጀምሪ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ክኒኑ ያባብሰዋል። ከጀመርሽ በኋላም በራስሽ ድንገት አታቋርጪው። በጾም ወቅት የምትወስጅበትን ሰዓት ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪና ለንስሐ አባትሽ አሳውቂያቸው።