መልስ፦ የጦርነት ወሬ ለምን ያምራል?

«ሰው ስለ ጦርነት ሲያወራ ለምን እንዲህ ያሳምረዋል?» ላልከው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳምረው ያልሄደበት ነው። የሄደውማ ዝም ይላል።

በአውሮፓውያኑ 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የእንግሊዝ ወጣቶች ለመዝመት ተሰለፉ። የአንድ ከተማ ልጆች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ባንድ ክፍል አብረው እንዲዘምቱ ተፈቀደላቸው። ሲሰሙት ደስ ይላል አይደል? ጁላይ 1 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም በተባለው ወንዝ አካባቢ በተደረገው ውጊያ ከ19,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ። ባንድ ቀን! አብረው የተመዘገቡት አብረው ረገፉ። መርዶውም ባንድ ሰሞን ባንድ ሰፈር ቤት ለቤት ዞረ።

የተረፈውስ? ስንቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ አጥቶ ተመለሰ። ፈርተሃል፣ ከድተሃል ተብሎ በገዛ ጦሩ የተረሸነም ነበር። ለእነሱ ምሕረት የተደረገው በአውሮፓውያኑ 2006 ነው፤ ያኔ እናቶቻቸው በሕይወት አልነበሩም።