ፒ ሞገድ ከተመለሰ በኋላ ኢኮ ያስፈልጋል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ የደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው የ58 ዓመት እናት በኤትሪያል ፊብሪሌሽን (ከልብ የላይኛው ክፍል በሚነሣ የምት መዛባት) ምክንያት ካርዲዮቨርሽን (ምቱን ወደ መደበኛው የመመለስ ሕክምና) ተደርጎላቸው የልብ ምታቸው ተስተካክሏል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በተነሡት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይም ፒ ሞገድ፣ ማለትም የአትሪየሙ የኤሌክትሪክ ምልክት፣ በግልጽ ይታያል፤ ታዲያ አትሪየሙ (የልብ የላይኛው ክፍል) ሥራውን ጀምሯል ተብሎ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ይቁም ወይስ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይደገም? ልደታ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ለዓመታት ኢሲጂ ሳነብና ኢኮ ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስልዎት።

ፒ ሞገድ መታየቱ የኤሌክትሪክ ትእዛዙ ለአትሪየሙ መድረሱን ያረጋግጣል እንጂ ጡንቻው ትእዛዙን ተቀብሎ ደም መግፋቱን አያሳይም። ምቱ ከተስተካከለ በኋላ አትሪየሙ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ደንዝዞ ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ደሙ በተለይ ከግራ አትሪየም ጎን ባለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይዘገያል፣ ሊረጋም ይችላል። ከካርዲዮቨርሽን በኋላ ደም ማቅጠኛ ቢያንስ ለ4 ሳምንት የማይቋረጠውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ማቆም ፈጽሞ አይታሰብም።

መግፋቱን የሚያሳየው ኢኮ ነው። በፐልስድ ዶፕለር (የደም ፍሰትን ፍጥነት በአንድ ነጥብ ላይ በሚለካው የኢኮ ዘዴ) የመለኪያ ነጥቡን በግራ አትሪየምና በግራ ቬንትሪክል (በታችኛው የልብ ክፍል) መካከል ባለው ሚትራል ቫልቭ ከንፈሮች ጫፍ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ከማሽኑ ስክሪን ግርጌ ከሚሄደው የኢሲጂ መስመር ጋር እያስተያዩ ከፒ ሞገድ ቀጥሎ ኤ ሞገድ (አትሪየሙ ደም ሲገፋ የሚታየው ፍሰት) መምጣት አለመምጣቱን መከታተል ይችላሉ። ፒ ሞገዱ ቁልጭ ብሎ ከላዩ ያለው ኤ ሞገድ ግን ትንሽ ጉብታ ብቻ ሆኖ የታየባቸው ታካሚዎች አጋጥመውኛል፤ አትሪየሙ መደንዘዙን በዓይን ማየት ማለት ይህ ነው። ይሁንና የግራ ቬንትሪክል ግፊት እጅግ ከፍ ሲልም ኤ ሞገድ ስለሚያንስ፣ በቫልቩ ቀለበት ላይ በቲሹ ዶፕለር (የጡንቻን እንቅስቃሴ ፍጥነት በሚለካው ዘዴ) የሚለካውን የአትሪየም እንቅስቃሴ አብሮ ማየት ይገባል።

የአትሪየሙን መጠን በተመለከተ በአንድ አቅጣጫ የተለካ ዲያሜትር ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ አትሪየሙ በደረት አጥንትና በጀርባ አጥንት መካከል ስለሚጣበብ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሰፋልና። ስለዚህ ሚትራል ቫልቭ ሊከፈት ሲል በሁለት እይታ የተለካው ይዘት ለሰውነት ስፋት ተካፍሎ በካሬ ሜትር ከ34 ሚሊሊትር በላይ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ስትሬይን (የጡንቻውን የመለጠጥና የመኮማተር መጠን) የሚለካ ማሽን ካለ ደግሞ እሰየው።

ኢሲጂውም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተነሣ አይታመንም። ታካሚዋ ልብሳቸውን እንዳያወልቁ ተብሎ ቪ1 የተባለው የደረት ኤሌክትሮድ ከአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ወደ ሁለተኛው ከፍ ሲል፣ ጤነኛ አትሪየም እንኳ የሰፋ ይመስላል። በሊድ ሁለት (ከኢሲጂው መስመሮች በአንዱ) ላይ ከ120 ሚሊሰከንድ በላይ የረዘመ ፒ ሞገድ፣ ማለትም ከሦስት ትናንሽ ካሬዎች ያለፈ፣ ካዩ ግን ፊብሪሌሽኑ ሊመለስ እንደሚችል ይጠርጥሩ።

እዚህ አገር በብዛት የምናየው ሩማቲክ (ከሩማቲክ ትኩሳት የመጣ) የሚትራል ቫልቭ ጥበት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በጠበበ ቫልቭ ላይ ኤ ሞገድ የአትሪየሙን ጉልበት ለመመዘን አያገለግልም፤ ፊብሪሌሽን የታየባቸው እነዚህ ታካሚዎች ምታቸው ቢስተካከልም ዋርፋሪን ይቀጥላሉ። በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናትም ለሩማቲክ ታካሚዎች ሌላው ደም ማቅጠኛ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ዋርፋሪንን የመሰሉት መድኃኒቶች የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በደረት በኩል የተሠራ ኢኮ በከረጢቷ ውስጥ የረጋ ደም የለም ብሎ ለመደምደም እንደማያበቃም ልብ ይበሉ፤ ለዚያ በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ያስፈልጋል።

የእርስዎን ታካሚ በተመለከተ ኢኮውን መድገሙን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ኤ ሞገዱ ጥሩ ሆኖ ቢገኝም ግፊትና ስኳር አብረው ስላሉ ከ4 ሳምንቱ በኋላም አይኤንአሩን (የደሙ መቅጠን መለኪያውን) ከ2 እስከ 3 ጠብቆ ዋርፋሪኑን መቀጠሉ ነው የሚሻለው። ኢኮውን ሲያዝዙ በማዘዣው ላይ ካርዲዮቨርሽኑ የተደረገበትን ቀንና የአትሪየሙ ሥራ እንዲታይ መፈለግዎን ይጻፉ፤ ካልተጻፈ የሚደርስዎት የቬንትሪክሉ ውጤት ብቻ ሊሆን ይችላል።