አቪዬሽን ውስጥ መግባት ለምትፈልጉ ልጆች፣ የታካን ታሪክ ልንገራችሁ

ብዙ ልጆች "ጋሼ፣ አየር መንገድ መግባት እፈልጋለሁ፣ ምን ልማር?" ብለው ይጠይቁኛል፣ ትንሽ ሳወራቸው ደግሞ አብዛኞቹ ልባቸው ውስጥ ያለው ወይ ፓይለትነት ነው ወይ ሆስተስነት። ጥሩ ነው፣ እኔ ማንንም ካሰበው አላስቀርም። ግን እድሜዬን ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አውሮፕላን ሳይ መጀመሪያ አይኔ የሚሄደው ጅራቱ ላይ ወደተቀባው አርማ አይደለም፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደጫነ፣ ክንፉ ስር ምን ሞተር እንዳለ፣ እዚህ ሀገር እንዲያርፍ ማን እንደፈቀደለት ነው የማስበው። እናንተም እንደዛ ማየት እንድትለምዱ ስለምፈልግ ዛሬ ታካ ስለሚባል አየር መንገድ ላውራችሁ። አሁን የለም። የመካከለኛው አሜሪካ ነበር፣ ሆንዱራስ፣ ጓቴማላ፣ ኤል ሳልቫዶር ያሉበት አካባቢ ማለት ነው።

የመሰረተው ሎዌል ዬሬክስ የሚባል ኒውዚላንድ የተወለደ ሰው ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዞች ጋር ሲበር ተመቶ ወድቆ የተማረከ። እ.ኤ.አ. በ1931 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሆንዱራስ ዋና ከተማ ቴጉሲጋልፓ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስቲንሰን አውሮፕላን ስራ ጀመረ። ቴጉሲጋልፓ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት፣ ባቡር ደርሶባት አያውቅም፣ የሀገሪቱ ሀዲድ የሙዝ ኩባንያዎች በሰሜን ጠረፍ ሙዛቸውን ወደብ ለማድረስ ያነጠፉት ስለነበር ወደ ዋና ከተማዋ ዝር አላለም። ቀሪው ሰውም እቃም በበቅሎና በመጥፎ መንገድ ነው የሚጓዘው። በ1932 ደግሞ አመፅ ተነሳ፣ ዬሬክስ ከመንግስት ወገን ሆኖ ሲበር ጥይት አንድ አይኑን አጠፋው። እሱ ግን ስራውን አልተወም፣ መንግስትም ውለታውን ቆጥሮ የፖስታ ኮንትራት ሰጠው።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ታካ ትልቅ የሆነው በዚህ ጀግንነት አይደለም። በጭነት ነው። ያኔ ፓን አሜሪካን የሚባለው የአሜሪካ ኃያል አየር መንገድ ከዋና ከተማ ዋና ከተማ ፖስታና ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ያመላልሳል፣ ዬሬክስ ደግሞ ሌላው ያልፈለገውን ያዘ። የወርቅ ማዕድን ማሽን ተፈታቶ ይጫናል፣ ነዳጅ ይጫናል፣ ቡና ይጫናል፣ ከጓቴማላ ፔቴን ጫካ ቺክሌ ይጫናል፣ ቺክሌ ማለት የዛፍ ሙጫ ነው፣ ያኔ ማስቲካ የሚሰራው ከሱ ነበር። ሙጫውን ጫካ ገብተው የሚለቅሙት ሰዎች በበቅሎ ስንት ቀን የሚያወጡትን እቃ ፎርድ ትራይሞተር በሰዓት ውስጥ ያደርሰዋል። ሶስት ሞተር ያለው፣ አካሉ የታጠፈ ቆርቆሮ የመሰለ ጠንካራ አውሮፕላን ነው፣ ወንበሩን አውጥተህ የፈለግከውን መጫን ትችላለህ፣ ማረፊያውም ለጥ ያለ ሳር ከሆነ በቂው ነው። በዚህ ስራ ታካ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከዓለም ትልልቅ የአየር ጭነት አመላላሾች አንዱ ሆነ፣ ከዛ ድሃና ተራራማ አካባቢ ተነስቶ ማለት ነው።

ይሄ ለኛ ሩቅ ታሪክ አይምሰላችሁ። በ1943 የታካን ድርሻ የገዛው ቲደብሊውኤ የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ ነው፣ በ1945 መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም አብሮ የሰራው ያው ቲደብሊውኤ ነው። የኛም የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች፣ ሲ-47 የሚባሉት የጦር ማመላለሻዎች፣ ውስጣቸው እንዴት ነበር መሰላችሁ፣ በግራና በቀኝ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር፣ መሀሉ ላይ ወለሉ ላይ የታሰረ ጭነት። ተሳፋሪው ከጭነቱ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚሄደው። በ2020 ኮሮና መጥቶ ዓለም ሁሉ አውሮፕላኑን ሲያቆም አየር መንገዳችን ምን አደረገ? ከመንገደኛ አውሮፕላን ወንበር ነቅሎ ጭነት ጫነ፣ ጭምብልና የህክምና እቃ አመላለሰ፣ ሌላው የመንግስት ድጎማ ሲለምን እሱ በራሱ ቆመ። እኔ ይሄን ሳይ እጅግ ነው የኮራሁት። ስለዚህ ካርጎ ተመድባችሁ "ለምን እዚህ ተጣልኩ" የምትሉ ልጆች እባካችሁ እንደዛ አታስቡ፣ የአየር መንገዱ እንጀራ ያለበት ቦታ ነው የተቀመጣችሁት።

ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። በ1940 የጓቴማላው ፕሬዝዳንት ኡቢኮ የታካን የመስራት ፈቃድ ሰረዙና ስራው ከፓን አሜሪካን ጋር ለተሳሰረ አዲስ ኩባንያ ሄደ። ታካ አውሮፕላን አልጎደለውም፣ ፓይለት አልጎደለውም፣ ደንበኛም ነበረው፣ አንድ ወረቀት ነው ያጣው። ዛሬም ያው ነው፣ አየር መንገድ ወደ ሌላ ሀገር መደበኛ በረራ የሚያደርገው መንግስታቱ ተፈራርመው ነው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ከየት ወደየት፣ መንገደኛ ብቻ ነው ወይስ ጭነትም፣ ሁሉም ድርድር አለበት። ህግ የምትማሩ ልጆች አየር መንገድ እናንተን አይፈልግም ብላችሁ አታስቡ፣ የአቪዬሽን ህግ በደንብ የሚያውቅ ሰው በጣም ነው የሚያስፈልገው።

ከጦርነቱ በኋላ ዬሬክስ ወጣ፣ በየሀገሩ የነበሩት የታካ ኩባንያዎች አንድ በአንድ ተሸጡ ተዘጉ፣ ኤል ሳልቫዶር ያለው ተረፈ፣ ኋላም የክሪየቴ ቤተሰብ እጅ ገባ። ይሄንን በፍጥነት ልለፈው፣ ምክንያቱም ልነግራችሁ የምጓጓው 1988 ላይ የሆነውን ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1988 የታካ በረራ 110፣ ገና አዲስ ቦይንግ 737-300፣ 45 ሰው ይዞ ከቤሊዝ ወደ ኒው ኦርሊንስ እየሄደ ነው። ካፒቴኑ ካርሎስ ዳርዳኖ ይባላል፣ እሱም እንደ መስራቹ አንድ አይን ነው ያለው፣ ሌላኛውን በሀገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በተኩስ መሀል ነው ያጣው። ወደ ኒው ኦርሊንስ ሲወርዱ ከባድ ዝናብና በረዶ ውስጥ ገቡ፣ ሞተሮቹ ደግሞ ለመውረድ ዝቅ ተደርገው አይድል ላይ ናቸው፣ በትንሹ ጉልበት ብቻ ይዞራሉ ማለት ነው፣ 16,500 ጫማ አካባቢ ሁለቱም ጠፉ። ኤፒዩ የሚባለውን ትንሿን ረዳት ሞተር አስነሱ፣ ከዛ ሞተሮቹን አስነሱ፣ ሞተሮቹ ተነሱ ግን ጉልበት አይሰጡም፣ ዙራቸው አልጨምር ብሎ ሙቀታቸው ብቻ ይወጣል፣ እንዳይቃጠሉ መልሰው አጠፏቸው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ያለ ሞተር እየተንሸራተተ ነው፣ ኤርፖርት አይደርስም፣ ውሃ ላይ ለማረፍ እየተዘጋጁ ሳለ ከአንድ ቦይ ጎን፣ ሚሹ የሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ፋብሪካ አጠገብ፣ ለጎርፍ መከላከያ የተሰራ ሳር የለበሰ የአፈር ክትር አዩ። ዳርዳኖ እዛ ላይ አሳረፈው። ማንም አልሞተም። አውሮፕላኑም ሞተር ተቀይሮለት እዛው ፋብሪካው ግቢ ካለ መንገድ ላይ ተነስቶ በረረ፣ ኋላም ሳውዝዌስት የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ እጅ ገብቶ እስከ 2016 ሰርቷል።

ሰው ሁሉ ስለ ካፒቴኑ ያወራል፣ ይገባዋልም። እኔ ግን ወጣት ቴክኒሻኖች ከዛ በኋላ የተሰራውን እንድታጠኑልኝ ነው የምፈልገው። "በረዶ ነው፣ የእግዜር ስራ ነው" ተብሎ ፋይሉ ሊዘጋ ይችል ነበር። አልተዘጋም። የዚህ አውሮፕላን ሞተር፣ ሲኤፍኤም 56 የሚባለው፣ አይድል ላይ ሆኖ ያን ያህል ውሃና በረዶ ሲውጥ እሳቱን መያዝ ለምን አቃተው ብለው ጠየቁ። ከዛ ፊት ለፊት የሚሽከረከረውን ሾጣጣ አፍንጫ ቅርፁን ቀየሩት፣ ከፊት ያለውን ትልቁን ማራገቢያ፣ የፋኑን ቢላዎች ክፍተት አስተካከሉ፣ በረዶው ወደ መሀለኛው ክፍል ከሚገባ በውጭ በኩል እንዲያልፍ። ውሃ የሚያስወጡ ተጨማሪ ብሊድ በሮች ገቡ፣ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ኢግኒሽኑ፣ ማለትም እሳቱን የሚለኩሰው ክፍል፣ ሳያቋርጥ እንዲሰራ የሚያደርግ ሴንሰር። አንድ በረራ የዓለምን አውሮፕላን አስተካከለ ብል ማጋነን አይደለም፣ 737 የማይበርበት ሀገር የት አለ? ለዚህ ነው ሎግ ቡክ (የአውሮፕላኑ ብልሽትና ጥገና የሚመዘገብበት ደብተር) ላይ የተፃፈ ነገር ሁሉ፣ "ቼክ ተደርጎ ኖርማል ነው" ተብሎ የታለፈም ቢሆን፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ዝም ብላችሁ አትፈርሙ የምለው። ለምን ተደገመ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ሺፍቱ ላይ መኖር አለበት።

ታካ በ1990ዎቹ የጓቴማላውን አቪያቴካ፣ የኮስታሪካውን ላክሳና የኒካራጓውን ኒካ ድርሻ ይዞ ግሩፖ ታካ ሆነ፣ በ2009 ከኮሎምቢያው አቪያንካ ጋር ሊዋሃድ ተስማማ፣ በ2013 ታካ የሚለው ስም ከአውሮፕላኖቹ ላይ ተነስቶ ሁሉም አቪያንካ ሆኑ። ከሰማንያ አመት በላይ የኖረ ስም ነው። እዛ ያረጁ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብደኝም፣ እኔም ያለሁበትን ዩኒፎርም እወደው ነበርና።

ግን ሳን ሳልቫዶር ኤርፖርት ላይ አኤሮማን የሚባል የጥገና ድርጅት አለ፣ መሰረቱ የታካ ጥገና ክፍል ነው፣ ዛሬ የአሜሪካ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ለትልቅ ጥገና እዛ ይሄዳሉ። ስሙ ጠፍቶ ሙያው እዛው ቀረ፣ የሳልቫዶር ልጆች በሱ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። እናንተም ስትመርጡ እዚህ ላይ አስቡበት፣ ይሄ ድርጅት ነገ ስሙ ቢቀየር እኔ እጄ ላይ ምን ይቀራል? ሎድ ኮንትሮል (የጭነት አደላደል ቁጥጥር)፣ ክብደትና ሚዛን፣ አደገኛ ጭነት አያያዝ፣ ሞተር፣ ሺት ሜታል (የአውሮፕላን አካል የቆርቆሮ ስራ)፣ የበረራ ፈቃድ ድርድር፣ እነዚህ የትም ሀገር ይዘሃቸው የምትሄድባቸው ናቸው።

ሞተር ላይ ለምትሄዱት ደግሞ አንድ ስራ ልስጣችሁ። የሲኤፍኤም 56 ማንዋል ስታገኙ ቻፕተር 72፣ 74 እና 75ን አውጡ፣ ሞተሩ፣ ኢግኒሽኑና የአየር ሲስተሙ ማለት ነው፣ በረራ 110ን እያሰባችሁ ውሃ ከፊት ገብቶ በየት በየት እንደሚወጣ በወረቀት ስላችሁ ተከታተሉት። ያልገባችሁን ፃፉልኝ፣ እኔም እዚሁ ነኝ፣ እመልሳለሁ።