«የሌለ ቤት» መሥራት ሥራ ነው ወይ?

ከአራት ኪሎ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አርክቴክቸር ተመርቀሽ ሁለት ዓመትሽ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አነስተኛ አማካሪ ቢሮ ፕላን ትስያለሽ፤ ማታ ማታ ብሌንደርና ዩኒቲ የሚባሉትን የስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) ሞዴል መሥሪያና ማሳያ ሶፍትዌሮች ትማሪያለሽ። አሁን ሥራሽን ለቀሽ ሙሉ ጊዜሽን ለቨርቹዋል፣ ማለትም በኮምፒውተር ብቻ ለሚኖር ዓለም ልትሰጪ አስበሻል። አባትሽ «ለሌለ ሰው የሌለ ቤት ልትሠሪ ነው?» አሉሽ። እናትሽ ደግሞ ያን ዓለም ዓይን ላይ አድርገው የሚያዩበት የቪአር መነጽር መግዣ ዕቁባቸውን ሊሰጡሽ ነው።

የአባትሽ ንግግር ከነከነኝ። እኔም በእጅ ከሚሣልበት ትሬሲንግ ወረቀት በኮምፒውተር ወደሚሣልበት አውቶካድ ስሻገር አለቃዬ «ስክሪን ላይ ያለ መስመር መስመር አይደለም» ብለውኝ ነበር።

አባትሽ ተሳስተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው መሠረቱ ያልተቆፈረ አፓርታማ በስክሪን ዞሮ አይቶ፣ ሳሎኑን ወዶ ቀብድ የሚከፍለው? ቤቱ ገና የለም። ብሩ ግን ከኪሱ ወጥቷል። ያን ምስል የሠራው ልጅ ክፍሉን ከልኩ አስፍቶት ከሆነ፣ አንድ ቤተሰብ አልጋው የማይገባበት መኝታ ቤት ይረከባል። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው።

ስለዚህ ግፊበት። መልቀቁን ግን አልደግፍም። ለምን መሰለሽ? አንድን ሕንፃ ከየአቅጣጫው እያደራረብሽ ብዙ ፎቶ ብታነሺው፣ ሶፍትዌሩ የስሪዲ ሞዴል ያወጣልሻል። ቅርጹን አሳምሮ ይሠራዋል። መጠኑን ግን ከፎቶው ብቻ አያውቅም። ሰው ሄዶ የአንዱን በር ወርድ በሜትር ለክቶ ካልነገረው፣ ሕንፃው የክብሪት ሳጥን ያክል ይሁን የካቴድራል ለይቶ አያውቅም። ያን በር የምትለኪው አንቺ ነሽ። ዩኒቲ የሚችል ልጅ በየአገሩ ሞልቷል። ከዩኒቲ ጋር የደረጃ ከፍታና የብሎኬት ውፍረት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እሱን የምታገኚው ደግሞ ሳይት ላይ፣ አቧራ ውስጥ ነው።

ፒያሳን አስቢ። በ2016 ዓ.ም. ስንት አሮጌ ቤት ፈረሰ። ፎቶው በየሰው ስልክ አለ። በወጣትነቴ ከለካኋቸው ቤቶች የአንዱ የእንጨት ደረጃ ልክ እስከ ዛሬ ማስታወሻዬ ላይ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን በሴንቲ ሜትር። ደረጃው የለም። ያቺን ገጽ ስገልጥ ሁሌም ያመኛል።

የዕቁቡን ብር አትንኪ። እናትሽ እሺ ያሉት ስለሚወዱሽ ነው እንጂ ስለተረፋቸው አይደለም። አፕል ቪዥን ፕሮ የሚባለው መነጽር እ.ኤ.አ. በ2024 ገበያ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 3,499 ዶላር ነበር። ብሌንደር ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው ጨዋታ በየአገሩ ሰውን ጎዳና ያወጣው በእጅ ስልክ ነው። የመጀመሪያ ደንበኛሽም ሥራሽን የሚያየው በስልኩ ነው። ይልቅ አለቃሽን አንድ ፕሮጀክት ለምኚ፤ ለቢሮው ደንበኛ በስልክ የሚታይ ሞዴል ሥሪ።

ማስተርስ ልማር ወይ ላልሽው፣ ይቆይ። እንግሊዝኛዬ ይበቃል ወይ ላልሽውም፣ ለመጀመር ይበቃል።

ለልምምድ ከራሳችሁ ቤት ጀምሪ። እሑድ ዕለት የሜትሩን ጫፍ አባትሽ ይያዙልሽ። የበሩን ወርድ ሁለቴ ለኪው። ሞዴሉ ሲያልቅ ስልኩን ስጫቸውና በራሳቸው ሳሎን ይዙሩበት።