እናቴን ሥዕል ላሳያት ብል ትሰለቻለች?

ጥያቄ፦ እናቴ ከደብረ ታቦር መጥታ ለሁለት ሳምንት እኔ ጋ ናት። ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ወስጄ ሥዕል ላሳያት አስቤ ነበር። እህቴ ግን «እማዬ ሥዕል ምን ይገባታል? ዝም ብለሽ ታደክሚያታለሽ» አለችኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?
አንባቢሽ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ ውሰጃቸው እህቴ! እኔ ነፍሷን ይማረውና እናቴን ይዣት የሄድኩበት ቀን ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

ከስድስት ኪሎ ጀምሩ። ወደ አምስት ኪሎ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ለጉልበታቸው ይቀላል። መታወቂያ ያዙ፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ አለ።

መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቡ። ቤቱ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ላይኛው ፎቅ ናቸው፤ ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ። እኔ እዚያ ጽሑፉን ላነብላት ስጀምር እናቴ እጄን ያዝ አደረገችና «ተይው፣ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አስተማሪዋ እሷ ሆነች። ጻድቃኑ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። እኔ ይህን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከመጽሐፍ ነው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የደብሯን ግድግዳ እያየች አድጋበታለች።

ቀጥሎ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ቤት አለ፤ እዚያው ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ፣ በ1973 ዓ.ም. በስደት ኦክላሆማ ያረፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎቹ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ትሰለቻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እናቴ ግን አንዱ ሥዕል ፊት ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ቆየች። «ይሄን የሠራው ሰው ብቻውን ነበር» አለችኝ። ስለ ስደቱ ገና አልነገርኳትም።

ስለዚህ አንቺም ለማስረዳት አትቸኩዪ። ዝም ብለሽ አብረሻቸው ቁሚ። አዳራሹ ለአዲስ ዐውደ ርዕይ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ግን ቀድመሽ ጠይቂ።

አቅም ከተረፋቸው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥም ሥዕሎች አሉ። ካልተረፋቸው ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ሻይ ጠጥታችሁ ግቡ።

እህትሽንም ይዘሻት ሂጂ።